ምራቴና የላፕቶፗ ጃንጥላ

ይህን የማስጽፈው ምራቴን ለማመስገን ነው። ፊት ለፊት ሳመሰግናት ትሸሸኛለች፤ «ኧረ እማዬ ይተዉኝ» ብላ ማድ ቤት ትገባለች። ስለዚህ እሷ ሥራ በሄደችበት ሰዓት ልጇን፣ የልጅ ልጄን፣ አስቀምጬ እኔ እናገራለሁ፣ ልጅቱ ትጽፋለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጅቱ አማርኛ የተማረችው በቅዳሜ ትምህርት ቤት ነው፤ ብትሳሳት አላርማትም፣ ብታሳምረውም አልይዛትም።

ቤታችን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ግራና ቀኝ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የተጋራ ቤት ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» ልል ምንም አይቀረኝ። ልጄ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ምራቴ የአዛውንቶች ማቆያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የደከመ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ከጎን ወደ ጎን ታገላብጣለች። ይቺ ልጅ ሃይስኩል ናት። እኔ ቤት እጠብቃለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ጥጥ እፈትላለሁ። እንዝርቴን ከአገር ይዤው ነው የመጣሁት፤ ኤርፖርት ላይ ምን እንደሆነ ጠፍቷቸው እየተቀባበሉ አዩት።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር፣ ያለሱ ወሬዬ አይገባም። ምራቴ ጴንጤ ናት። «እማማ፣ ፕሮቴስታንት በዪ» ትለኛለች ይቺ ልጅ አሁን። እናቷ ራሷ ግን «እኔ ጴንጤዋ» እያለች ነው የምትስቀው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እሁድ ጠዋት ልጄ በአንድ መኪና ሁለታችንንም ጭኖ እኔን በእኔ ደጅ፣ እሷን በእሷ ደጅ ያወርደናል። መንገድ ላይ ስለ አየሩ እናወራለን። በዚህ ቤት የሃይማኖት ክርክር ተነስቶ አያውቅም። ያልተነሳው የሚያነሳው ጠፍቶ አይደለም፤ ሁላችንም ቀስ ብለን ስለምንረግጥ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ የእኔ ቦታ አለ። ግድግዳው ላይ የምጸልይበት ሥዕሌ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ልጄ የሠራልኝ ረጅም መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው ላይ ጠበሌ ነው። ከቤተ ክርስቲያን በወተት ጋሎን እየቀዳሁ አመጣለሁ። ጠበል እግር የሚመላለስበት መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ጋሎኖቹ ከፍ ብለው አንዱ ካንዱ ቀጥሎ ተሰልፈዋል። የሰልፉ ራስ ላይ የኢንተርኔቱ ሳጥን አለ፣ ገመዱ የሚወጣው ከዚያ ጥግ ስለሆነ። የሰልፉ ጭራ ላይ የእኔ ወንበር ነው። ከወንበሬ ጀርባ ግድግዳ ነው፣ ከግድግዳው ወዲያ የምራቴ ማጥኛ ክፍል። ጎህ ሲቀድ ለጸሎት ስቆም የሳጥኑ አረንጓዴ መብራት በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ አልፎ ይታየኛል። እንደ ቀንዲል ነበር ለእኔ። ምራቴ ቤት ስታጸዳ የጋሎኖቹን አቧራ ትጠርግና እያንዳንዱን በነበረበት ትመልሳለች። ታምኚበታለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ምራቴ ነርስ መሆን ትፈልጋለች። አሜሪካ ከገባች ጀምሮ ነው። መጀመሪያ ይቺ ልጅ ተወለደች፣ ቀጥሎ እኔ መጣሁ፣ ከዚያ ጉልበቴ ታመመ፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቀድማታል። በመጨረሻ ግን ቆርጣ የነርሲንግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተመዘገበች። ፈተናው በኦንላይን ነው፤ ቤቷ ሆና፣ በር ዘግታ፣ ብቻዋን፣ ካሜራ እያያት። ሌላ ሰው ድምፁ ከተሰማ ይሰርዙታል። መስመሩ ከተቋረጠም ፈተናው ይዘጋል፤ ከተዘጋ ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት ጠብቂ ነው።

«እማዬ፣ ጥያቄውን አልፈራውም» አለችኝ። «የምፈራው መቋረጡን ነው።»

አሮጌው ላፕቶፗ የፈተናውን ፕሮግራም አልሸከምም አለ። ስለዚህ ሮክቪል ሄደው አዲስ ገዙ። ሲያመጡት እንደ ሻይ ትሪ ቀጭን ነው። የሽቦ መሰኪያ ቀዳዳ እንኳን የለውም፤ ኢንተርኔቱን ከአየር ነው የሚቀበለው። እንትፍ እንትፍ ብዬ መረቅኩት። ምራቴ ያቺ ማጥኛ ክፍሏ ውስጥ ገብታ ከፈተችው። ክፍሏ ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ነበረች፤ መስኮት የላትም፣ ከእሷ በቀር የሚቀመጥባት የለም።

ላፕቶፑ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፣ ጃንጥላ ትመስላለች። ይቺ ልጅ ናት ያሳየችኝ። ኢንተርኔቱ ደህና ሲገባ ጃንጥላዋ ትሞላለች፤ ሲያንስ እጀታዋ ብቻ ይቀራል፤ ሲጠፋ ጭረት ይወጣባታል። ሌላ ነገር ማንበብ ባልችል ይቺን አነባለሁ። ምራቴ ለመለማመጃ አንድ ትምህርት ከፈተች። ጃንጥላዋ ሞላች፣ ጎደለች፣ ሞላች፣ ከዚያ ጭረቱ መጣ። የአስተማሪው ፊት አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ።

ልጄ ከእንቅልፉ ተነስቶ መጣ።

«ሪተርን አድርጊው» አላት። «ሪሲቱ አለ አይደል? አስረክቢና ሌላ አምጪ።»

«ምኑን እንዳመመው ሳላውቅ?»

«አልሠራም አለ፣ አለቀ!»

«ሌላውም መጥቶ አልሠራም ቢለኝስ? ያኔ ጊዜው ያልቅብኛል።»

«እንግዲህ አንቺ ዶክተሯ።»

«ነርሷ» አለችው። ሳቀና ተመልሶ ተኛ።

ምራቴን ያወቅኳት ያን ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እናቴ መፍተል ስታስተምረኝ ክሩ ቶሎ ቶሎ ይበጠስብኝ ነበር። ተናድጄ ጥጡንም እንዝርቱንም ስወረውር «ሁሉንም አንድ ላይ አትቀይሪ» ትለኛለች። «ባዘቶውን ቀይሪ፣ እንዝርቱ ይቆይ። አሁንም ከተበጠሰ ባዘቶውን መልሺና እንዝርቱን ቀይሪ። አሁንም ከተበጠሰ እጅሽን ታጠቢ፣ ላብ ይሆናል።» ሁሉን አንዴ የቀየረች ሴት ክሩ ቢድንላት እንኳን በምን እንደዳነ አታውቅም፤ ነገ ተመልሶ ይበጠስባታል። ምራቴ እንዝርት ይዛ አታውቅም። አሠራሯ ግን እንደዚያ ነበር።

መጀመሪያ ላፕቶፑን አጠፋችው፣ አበራችው፣ ተቀምጣ አየችው። አልዳነም። ቀጥላ ሳጥኑን ልታጠፋ ወደ እኔ መደርደሪያ መጣች። መሰኪያው ጋ ለመድረስ የመጀመሪያው ጋሎን መነሳት ነበረበት። በሁለት እጇ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ አንስታ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው፣ መሰኪያውን ነቀለች፣ ትንሽ ቆይታ መለሰች፣ ጋሎኑንም እጀታው እንደነበረው ዞሮ እንዲቆም አድርጋ መለሰች። አልዳነም። ላፕቶፑ ፓስወርዱን እንዲረሳ አደረገችና እንደ አዲስ ነገረችው። እሱም አልሆነም። አፕዴት የሚሉትን ጫነችለት፤ ያ ደግሞ እየተንጠባጠበ ሲወርድ ቀኑ መሸ።

በማግስቱ ለኢንተርኔቱ ሰዎች ኮል አደረገች። ሙዚቃ እያሰሙ አስጠበቋት። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትታ ሽንኩርት ስትልጥ ሰውየው መስመር ላይ መጣ። «ሳጥኑን አጥፍተሽ አብሪው» አላት። እኔ ልጮህ ነበር። እሷ «እሺ» ብላ ሄደች፣ ጋሎኑን አነሳች፣ አጠፋች፣ አበራች፣ ጋሎኑን መለሰች። በመጨረሻ ሰውየው ወደ ቤታችሁ የሚገባው መስመር ጤነኛ ነው ብሏት ዘጋ።

«አድርጌዋለሁ አትዪውም ነበር?» አልኳት።

«እሱም በተራ በተራ ነው የሚሄደው እማዬ። መሃሉ ላይ ካስገባሁት ይጠፋበታል።»

ይህን ስትለኝ እነዚያ የምታጥባቸው ሽማግሎች ታዩኝ። ዕድለኞች ናቸው አልኩ በሆዴ።

ከዚያ «እስቲ ልዙርበት» አለችና ላፕቶፑን እንደተከፈተ ክንዷ ላይ አድርጋ ቤቱን መዞር ጀመረች፤ አልተኛም ያለ ሕፃን እንደያዘች እናት። እኔ ከኋላዋ ጃንጥላ አንባቢ ሆንኩ። ማድ ቤት፤ «ሞላች!» ደረጃው ላይ፤ «ሞላች!» ማጥኛ ክፍሏ፤ «ኤዲያ፣ ተጭራለች።» ወጥታ ሳሎን፣ ወንበሬ አጠገብ ቆመች። እጀታዋ ብቻ ቀረች። ወደ ሳጥኑ ጥቂት ራመድ አለች፤ ሞላች። ወደ ወንበሬ ተመለሰች፤ ጎደለች። ቀና ብላ መደርደሪያውን ከጭራው እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ላፕቶፑን ዘጋችው።

«ምን አገኘሽ?»

«ምንም እማዬ። ደክሞኛል፣ ነገ አየዋለሁ።»

«የእኔና የልጅቱ ክፍል ውስጥ ብትፈተኚስ? ፎቅ ላይ ደህና ነው አይደል?»

«እዚያ ጠረጴዛ የት ይገባል? ሁለት አልጋ ነው። የእኛውን ልጅዎ ቀን ይተኛበታል። እርስዎስ ቀን ጉልበትዎን የት ያሳርፉታል? አይሆንም።» ሰላጣ ልትከትፍ ሄደች። እኔም የድካም ነው ብዬ አመንኳት።

ቅዳሜ እህቷ ቤት፣ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ሄድን። «ላፕቶፑ ራሱ ጤነኛ መሆኑን በሰው ቤት ልየው» አለች። እህቷ ታላቋ ናት፣ አፏ እንደ ሚጥሚጣ ነው፣ ደግሞ የምወዳት ሴት ናት። አፓርታማው በልጆች ጩኸት ይናወጣል። ላፕቶፑን ሶፋ ላይ ከፈቱት፤ ጃንጥላዋ ወዲያው ሞላች። ያ አስተማሪ አፉን ሳይዘጋ ሙሉ ትምህርቱን ለፈለፈ።

«በሽተኛሽ ሐኪም ቤት ሲደርስ ዳነ» አለች እህቷ። «እዚሁ ተፈተኚ በቃ።»

«ልጆችሽን የት ላድርጋቸው? እንደ ጫጩት ቅርጫት ልድፋባቸው?»

«ምነው ባደረግሽልኝ!» ሻይ ልትጥድ ተነሳች። «እንግዲህ ቤትሽ ነው። ከሳጥኑና ከማጥኛሽ መሃል ምን አለ?»

«ግድግዳ።»

«ግድግዳ እኔም ጋ አለ። ያ ረጅም መደርደሪያስ? እዚያ ላይ ያለው የ...»

«ሻይሽ ፈላ» አለቻት ምራቴ።

ሻዩ ገና መጣዱ ነበር። እህቷ ወደ እኔ ዞር አለች፣ ወደ እሷ ዞር አለች፣ «አሃ» አለች። ከዚያ ሻዩን ለእኔ አስቀድማ፣ ስኳሩን አብዝታ፣ «ይጠጡ እማማ» ብላ ሰጠችኝ። ያቺ ሴት ነገር ጀምራ ስትተው አይቻት አላውቅም።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመ። ምራቴ መሪው ላይ እጇን ጥላ ወንዙን ታያለች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ያን «የ...» ብሎ የተቋረጠ ነገር እያኘኩ ነው። የምን መደርደሪያ? መደርደሪያው ላይ ያለው የእኔ ነው።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ፣ ምራቴ ማልዳ ሥራ ወጥታ፣ ለጸሎት ቆምኩ። ያ አረንጓዴ መብራት በጋሎኖቹ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ መጣልኝ። ዓይኔን ተከትዬ ሄድኩ። ሳጥኑ እዚያ ማዶ፤ ከዚያ ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ፤ ከዚያ እኔ፤ ከዚያ ግድግዳ፤ ከዚያ የእሷ ክፍል። ጸሎቴን እንደምንም ጨርሼ ይቺን ልጅ ቀሰቀስኳት።

«ውሃ ኢንተርኔት ያግዳል?»

ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ሳበች። «እማማ፣ ማሚ እንዳልነግርሽ ብላኛለች።»

«ነገርሽኝ እኮ አሁን።»

ተነስታ ተቀመጠች። እሷ እንዳስረዳችኝ የአየር ኢንተርኔት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዘገምተኛ ነው ግን ግድግዳ አልፎ ይሄዳል። ሁለተኛው ፈጣን ነው ግን ግድግዳ ያደክመዋል፣ ብዙ ውሃ ሲያይማ ጭራሽ ይቆማል። አሮጌው ላፕቶፕ የሚያውቀው ዘገምተኛውን ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ምንም አልነካው። አዲሱ የለመደው ፈጣኑን ነው።

«በቅሎና ፈረስ በይኛ» አልኳት። «በቅሎ ዝግ ብላ ወንዙንም ገደሉንም ታልፋለች። ፈረሱ ሜዳ ላይ ይበራል፣ ውሃ ሲያይ ግን ይለግማል። ታዲያ አዲሱንም በበቅሎው ላኩዋ!»

«ማሚ ትራይ አድርጋዋለች። ግን የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ በዚያ መንገድ ነው የሚሄደው። እንደ ቤልትዌይ አውራ ጎዳናው ነው፣ ትራፊክ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ አሰበች?»

«ሳጥኑን ከጥግ አንስቶ ማድ ቤት የሚያዞር ሰው ኮል አድርጋለች። ግድግዳውን መብሳት አለበት። ግን የሚመጣው ከፈተናው በኋላ ነው።»

«ፈተናውንስ?»

«ቻንስ እወስዳለሁ ብላለች።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እንግዲህ ሰው ሆይ አስበው። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ነገር ነው። ሳምንት ሙሉ በሽታውን በዘዴ እያሳደደች፣ አንድም ሰው ሳትረግም፣ አንድም ዕቃ ሳትመታ፣ መደበቂያው ድረስ ደርሳ አገኘችው። ስታገኘው ደግሞ መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፤ «እማዬ፣ ጋሎኖቹን ዞር ያድርጉልኝ።» ያቺን ቃል ዋጠቻት። ጴንጤ ምራት ለኦርቶዶክስ አማት «ጠበልሽ እንቅፋት ሆነብኝ» ስትል ምን እንደሚሰማ ታውቃለች። የተናገረችው ስለ ላፕቶፕ ቢሆንም የሚሰማው ሌላ ነው። እኔስ ብትለኝ ምን እል ነበር? እንጃ። ብዙ ነገር እል ይሆናል። ስለዚህ እኔን ከማስከፋት ፈተናዋን በዕድል ልትሰጥ ቆረጠች። እንዲህ ያለ ሰው ቤቴ ውስጥ ሰላጣ ሲከትፍልኝ ከርሟል።

«ተነሽ» አልኳት ለልጅቱ። «ላፕቶፑን እናትሽ ክፍል ክፈቺው።»

«አሁን? ሁሉንም እናውርደው?»

«ሁሉንም አይደለም። እንደ እናትሽ ነው የምንሠራው። አንድ ታነሻለሽ፣ ሮጠሽ ሄደሽ ጃንጥላዋን ታያለሽ።»

አንድ አነሳች፣ ሮጠች። «እማማ፣ ሴም ነው!» ሌላ አነሳች፣ ሮጠች። እጀታዋ ወጣች። ጋሎን በተነሳ ቁጥር ጃንጥላዋ ትንሽ ትንሽ ትገለጣለች። የመጨረሻው ሲነሳ ልጅቱ ከክፍሉ ውስጥ ጮኸች፤ ገና ከሥራ ገብቶ የተኛው አባቷ ከፎቅ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጮኸ። ሞልታ ነበር።

ጠበሉን የት እናድርገው? መሬት አይሆንም፣ መታጠቢያ ቤት አጠገብ አይሆንም፣ ማድ ቤት ሥጋ አለ። በመጨረሻ፣ ፎቅ ላይ፣ የእኔና የልጅቱ ክፍል፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወሰንኩ። እሷ እየተሸከመች፣ እኔ ደረጃውን ይዤ «ቀስ፣ ቀስ» እያልኩ አወጣነው። ሥዕሌ ግን ከነበረበት አልተነሳም።

ምራቴ ከሥራ ገባች። ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል ባዶውን መደርደሪያ አየችው፤ አንድ ጫማ እንዳደረገች ቀረች።

«እማዬ! ጠበልዎ የት ሄደ?»

«ፎቅ ወጣ። አየር ሊቀይር።»

«ማን ያንሱ አለዎት?» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺ! ምን አልኩሽ?»

«አይ ዲድንት! ራሷ ነው ያወቀችው!» ይቺ ልጅ ስትደነግጥ አማርኛዋ ይጠፋል።

«ልጅቷን ተዪያት» አልኩ። «ያሳበቀብሽ የእህትሽ ሻይ ነው፣ ሳይጣድ የፈላው። ነይ ወደዚህ። ጠበል መንገድ ይከፍታል እንጂ መንገድ አይዘጋም። የዘጋነው አቀማመጥ ያላወቅን ሰዎች ነን።»

በአንድ ጫማዋ እያነከሰች ፎቅ ወጣች። ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር። እንዴት የምታለቅስ! ከላይ ድምጿ መጣ፤ «እማዬ፣ ቁም ሳጥኑ ላይማ አይሆንም! ሌሊት ቢወድቅብዎትስ? ጋሎን እኮ ነው!» በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ሳንቃና ብሎን ይዛ መጣች። ግድግዳውን ራሷ በሳች፣ ልጄ ሳንቃውን ይዞላት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ጠዋት ልብሷን ለባብሳ፣ ጸጉሯን አስራ፣ ወደ ክፍሏ ከመግባቷ በፊት እኔ ጋ መጣች።

«እማዬ፣ ይጸልዩልኝ።»

እንዲህ ብላኝ አታውቅም። «በየትኛው?» አልኳት። «በእኔ ነው በአንቺ?»

«በሁለቱም» አለች። «ዛሬ አልመርጥም።» ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በሩን ዘጋች።

ወንበሬን ከበሯ ፊት ለፊት አድርጌ ዘብ ቆምኩ። ልጅቱን ከስልኳ አለያየኋት፣ ፈረሱ ሌላ ጭነት እንዳይኖርበት። እንዝርቴን ይዤ ነበር ግን አልፈተልኩም፤ ክሩ ቢበጠስ ምልክት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ልጄ ርቦት ከእንቅልፉ ወረደ። ሳህኑን ይዞ ወደ ማይክሮዌቩ ሲሄድ አየሁት።

«አታሙቀው!» አልኩት በሹክሹክታ።

«ምን?»

«ይጮሃል፣ ቲት ቲት ይላል፣ ይሰሙታል! በቀዝቃዛው ብላ!»

«እማዬ፣ የጾም ወጥ በቀዝቃዛው?»

«ሚስትህ ነርስ ስትሆን ታሞቅልሃለች።»

ራሱን እየነቀነቀ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቀዝቃዛ ምስሩን በላ። ሳይታወቀው እሱም ዘብ ሆነ። ልጅቱም መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሦስታችንም አንዲት የተዘጋች በር እያየን ዝም አልን። ከውስጥ የሚሰማው የጣቶቿ ድምፅ ብቻ ነው። ዝም ሲል ልባችን ይቆማል፤ ሲጀምር እንተነፍሳለን።

በሩ ተከፈተ። ፊቷ ምንም አይናገርም። ሽማግሌ ስታስታምም ስለምትውል ፊቷን መያዝ ታውቅበታለች። «ተቋረጠ?» አልኳት።

«አንዴም» አለች። «አንዴም አልተቋረጠም እማዬ።» ከዚያ መሬት ላይ ጉልበቴ ሥር ቁጭ አለች፣ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ውጤቱ በኋላ መጣ፣ አለፈች። አሁን ከሥራ በኋላ ነርሲንግ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እኔ ግን ሳስታውስ የምደሰትበት ያ «አንዴም» ያለችው ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ ይህን ጻፊ። ጠበሉ ፎቅ ከወጣ በኋላ ለዚች ልጅ ያ አረንጓዴ መብራት ናፈቀኝ ብዬ ነበር፣ እንዲያው ለወሬ። አንድ ማታ ልተኛ ስገባ ክፍሉ አረንጓዴ ነው። አዲሱ መደርደሪያ ላይ፣ ከጋሎኖቹ ኋላ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ የሕፃናት መብራት ተሰክቶ ውሃው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ማን እንዳደረገው ጠየቅኩ። ልጄ አላውቅም አለ። ይቺ ልጅ አሁን እየሳቀች ነው። ምራቴን ስጠይቃት «መብራቱ አስቸገረዎት እንዴ?» አለችኝ። እኔ አደረግኩት ግን አላለችም። ጠዋት ጠዋትም እጄ ስለማይደርስ ጋሎኑን አውርዳ፣ በኩባያ ቀድታ ትሰጠኛለች። እሷ አትጠጣም። ጠብታ አፍስሳ ግን አታውቅም።

መኪናዋ መጣ መሰለኝ። በይ ዝጊው፣ ከሰማችን ማድ ቤት ትገባብናለች።